ሥራን ለብዙ ማካፈልና ተራን መጠበቅ
(ስለ ኅብረት ኮምፒዩተሮችና ስለ ተራ አስከባሪያቸው በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ስሙ ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም፣ ምሥጢሩ ከዚህ ምሳሌ የራቀ አይደለም። ይኸውም አንድን ከባድ ስሌት ለብዙ ኮምፒዩተሮች አካፍሎ በአንድ ጊዜ ስለ ማሠራት፣ ይልቁንም ያ ሥራ ወደ ኮምፒዩተሮቹ ከመድረሱ በፊት ስለሚያልፍበት ስለ ተራ አስከባሪው ነው። ሎሚውን ለሃምሳ ሰው ማካፈል መልካም ነው፤ ነገር ግን ሃምሳውን ሰው ማን ይጠራቸዋል? ማንስ ስንት ሎሚ ይይዛል? ሌላ ባለ ሎሚ በዚያው ሰዓት ሃምሳ ሰው ቢፈልግ የማን ይቅደም? የዛሬው ንግግራችን ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1922 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአየርን ጠባይ በቁጥር አስልቶ አስቀድሞ ለማወቅ የሚቻልበትን መንገድ አመለከተ። እርሱ ራሱ በእጁ እያሰላ ቢሞክረው የስድስት ሰዓቱን የአየር ለውጥ ለማግኘት ሳምንታት ፈጀበት፤ ውጤቱም ከእውነቱ የራቀ ሆነ። ሊቁ ግን ተስፋ አልቈረጠም። በግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ የተሣለበት አንድ ታላቅ አዳራሽ በሐሳቡ ሠራ፤ በውስጡም 64,000 የሒሳብ ሠራተኞች አስቀመጠ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የካርታውን አንድ ቁራጭ ብቻ ያሰላል፤ የደረሰበትንም ቁጥር ለጎረቤቱ ያሳያል። በመካከል ከፍ ባለ ስፍራ የቆመው አለቃ ደግሞ በፈጠኑት ላይ ቀላ ያለ ብርሃን፣ በዘገዩት ላይ ሰማያዊ ብርሃን እያበራ ሁሉንም እኩል ያስኬዳል።

ይህ አዳራሽ በሰው አልተሠራም፤ በኮምፒዩተር ግን ተሠራ። ዛሬ የዝናምና የነፋስ ትንበያ የሚሰላው ልክ በዚህ ዐይነት ነው። ካርታው ይቈራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለአንድ የስሌት ክፍል ይሰጣል፤ ጎረቤታሞቹ ክፍሎች በድንበራቸው ላይ ያገኙትን ቁጥር በየጊዜው ይለዋወጣሉ። ይህን የመልእክት ልውውጥ ሁሉም በአንድ ሥርዐት እንዲፈጽሙት በ1994 ዓ.ም. ኤም ፒ አይ የተባለ የጋራ ደንብ ወጣ።

በዚያው በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት በናሳ፣ ጎዳርድ በሚባለው ማዕከል፣ ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር የተባሉ ሁለት ሰዎች ከገበያ የሚገዙ 16 ተራ ኮምፒዩተሮችን በመስመር አገናኝተው «ቢዎልፍ» ብለው ሰየሙት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ እነዚያ ርካሽ መሣሪያዎች ተባብረው፣ በብዙ ገንዘብ ከሚገዛ ትልቅ ኮምፒዩተር ይጠበቅ የነበረውን ሥራ መሥራት ጀመሩ። እንዲህ ያለው ኅብረት «ክላስተር» ይባላል፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ኮምፒዩተር «ኖድ» ሲባል፣ በኖዱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የስሌት ክፍል «ኮር» ይባላል። ይህ ጥበብ ከ16ቱ ተነሥቶ ምን ያህል እንደ ሰፋ ለማወቅ፣ በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት በኦክ ሪጅ የተተከለውን «ፍሮንቲየር» መመልከት ይበቃል። ከ9,000 በላይ ኖዶች ያሉት ይህ ክላስተር በ2022 ዓ.ም. ሲለካ፣ በአንድ ሰከንድ ከሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን የሚበልጥ ስሌት መሥራቱ ታወቀ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። እንዲህ ያለ ውድ መሣሪያ የአንድ ሰው ንብረት አይሆንም። መቶዎች፣ አንዳንድ ጊዜም ሺዎች ይጋሩታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብተው እንደ ፈቀዱ ቢያዝዙ የአንዱ ሥራ የሌላውን ያደናቅፋል፤ ኃይለኛው ደካማውን ይገፋል፤ መሣሪያውም የማንንም ሥራ ሳይፈጽም ይውላል። ስለዚህ በበሩ ላይ ተራ አስከባሪ ቆመ። በከተማችን የታክሲ ተራ አስከባሪን የማያውቅ የለም። እርሱ መኪና አይነዳም፤ መንገደኛም አይደለም፤ ነገር ግን እርሱ ባይኖር መንገደኛውና መኪናው በሰላም አይገናኙም። የክላስተሩ ተራ አስከባሪ እንደ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ሥጋ ለባሽ ሳይሆን ራሱ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1956 ዓ.ም. ጄኔራል ሞተርስና ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን የተባሉት ሁለት ኩባንያዎች አይ ቢ ኤም 704 ለሚባለው ኮምፒዩተር፣ ሥራዎችን በጥቅል ተቀብሎ ያለ ሰው እጅ አንዱን ከሌላው አስከትሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም አዘጋጅተው ነበር። በዘመናችን እጅግ ከታወቁት ተራ አስከባሪዎች አንዱ ግን በካሊፎርኒያ በሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው «ስሉርም» ነው። ከላይ ያነሣነው ፍሮንቲየርም ሥራውን የተቀበለው በዚሁ በስሉርም በኩል ነው። ስለዚህ አሠራሩን በእርሱ ምሳሌነት እንመልከት።

ክቡራን አድማጮች፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ ከግምጃ ቤት ዕቃ ለማውጣት ሞዴል 20 መሙላት እንዳለበት ያውቃል። ወደ ግምጃ ቤቱ ገብቶ እንደ ልቡ የሚያነሣ የለም። በክላስተርም ሥርዐቱ ይኸው ነው። ባለ ጉዳዩ መጀመሪያ የሚደርስበት ኮምፒዩተር የመግቢያ በር ነው፤ እርሱም እንደ እንግዳ መቀበያ ክፍል የሁሉም ስለ ሆነ፣ በዚያ ላይ ከባድ ስሌት መጀመር እንደ ነውር ይቈጠራል። በዚያ የሚጻፈው ማመልከቻ ብቻ ነው።

ማመልከቻው አጭር ጽሑፍ ሲሆን ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ክፍል የሚፈለገውን ይዘረዝራል። ለምሳሌ የሥራው ስም «ዝናም»፤ የሚፈለገው ኖድ 4፤ በእያንዳንዱ ኖድ የሚሰማሩ ሠራተኞች 32፤ የሚፈለገው የማስታወሻ ስፋት ይህን ያህል፤ የሥራው ጊዜ 6 ሰዓት፤ ውጤቱ የሚጻፍበት መዝገብ ይህ ነው ይላል። እዚህ ላይ «ሠራተኛ» የምንለው አብሮ የሚሠራውን የፕሮግራሙን እያንዳንዱን ቅጂ ነው። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ሥራው ሲፈቀድ የሚፈጸመው ትእዛዝ ነው። ማመልከቻው «ኤስባች» በሚባል ትእዛዝ ለተራ አስከባሪው ይቀርባል፤ ተራ አስከባሪውም ወዲያው የመዝገብ ቍጥር ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ባለ ጉዳዩ ወደ ቤቱ ቢሄድም ማመልከቻው ተራውን ይጠብቃል። የደረሰበትን ለማወቅ የሚፈልግ «ኤስኪው» ብሎ ይጠይቃል፤ ሥራው እየተሠራ ወይም እየጠበቀ መሆኑን፣ ቢጠብቅም ስለ ምን እንደሚጠብቅ ይነገረዋል። ሐሳቡን የለወጠ «ኤስካንስል» ብሎ ማመልከቻውን ያነሣል።

ሰዓት ሲጻፍም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በስሉርም አጻጻፍ ለጊዜው ቦታ 24 የሚል ቍጥር ብቻውን ቢሰፍር ትርጓሜው 24 ሰዓት አይደለም፤ 24 ደቂቃ ነው። ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ በሁለት ነጥብ ተለያይተው ካልተጻፉ፣ የአንድ ቀን ሥራ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይቋረጣል።

አሁን ብዙዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ይህንንም አንድ የማውቀው ወጣት ከደረሰበት ነገር ተነሥቼ ላስረዳ። ይህ ወጣት ስለ ዝናም አወራረድ የሚያጠና ተማሪ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚሆነውን ስሌት በአንድ የትምህርት ተቋም ክላስተር ላይ ለማሠራት 4 ኖድ፣ በእያንዳንዱም 32 ሠራተኛ፣ በጠቅላላው 128 ለ24 ሰዓት ጠየቀ። ሦስት ቀን ተራ ጠበቀ። በአራተኛው ቀን ሥራው ሲጀመር ደስታው ታላቅ ነበር። ይሁን እንጂ 24ቱ ሰዓት ሲሞላ ተራ አስከባሪው እንደ ደንቡ ሥራውን አቋረጠው። ፕሮግራሙ ውጤቱን የሚጽፈው በፍጻሜው ብቻ ስለ ነበረ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ምን ሆኖ ነው? ወጣቱ በማመልከቻው ሁለተኛ ክፍል የፕሮግራሙን ስም ብቻ ጽፎ ነበር። ተራ አስከባሪው 128ቱን ክፍሎች እንደ ተጠየቀው ለይቶ አስቀመጠለት፤ ትእዛዙ ግን የሚጀምረው ከተፈቀዱት ኖዶች በመጀመሪያው ላይ ነው፤ በዚያም ፕሮግራሙ እንደ አንድ ሠራተኛ ብቻ ተነሣ። 128ቱ ሁሉ እንዲነሡ «ኤስረን» የሚለውን ቃል ከፕሮግራሙ ስም በፊት መጻፍ ነበረበት፤ ሠራተኞቹን በየኖዱ አስነሥቶ እርስ በርስ የሚያስተዋውቃቸው ይህ ትእዛዝ ነውና። አንድ ገበሬ ለደቦ 128 ሰው ጠርቶ፣ አንዱ ብቻ ሲያጭድ የቀሩት 127 ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው እንደ ዋሉ ቍጠሩት። ሲሰላ 127 በ24 ሰዓት ሲባዛ 3,048 የሥራ ሰዓት በከንቱ አለፈ ማለት ነው። ይህም ሁሉ በወጣቱ ስም ተመዘገበበት፤ ሌሎች ባለ ጉዳዮችም በበሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተትም አለ። ፕሮግራሙ ሥራ መካፈልን የማያውቅ ከሆነ፣ በኤስረን 128 ጊዜ ቢነሣም ሥራው አይከፋፈልም፤ 128 ሠራተኞች ያንኑ አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠሩታል፤ በአንድ መዝገብ ላይም እየተሻሙ ይጽፋሉ። ስለዚህ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ማሰማራት ሌላ ነገር ነው፤ ሥራውን ለመካፈል እንዲመች አድርጎ ማዘጋጀት ደግሞ ከሁለቱም የሚቀድም ነው።

ወጣቱ ከዚህ በኋላ ረጋ ብሎ አሰበ። ከሥራው ጥቂቱን ወስዶ በአንድ ሠራተኛ ቢለካው፣ ጠቅላላው 100 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ተገነዘበ። ከዚህም ውስጥ 95ቱን ሰዓት ለብዙዎች ማካፈል ይቻላል፤ 5ቱ ሰዓት ግን፣ ይኸውም መረጃን ማንበብና ማጠቃለል፣ በአንድ እጅ ብቻ የሚሠራ ነው። ጂን አምዳል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1967 ዓ.ም. ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ሠራተኛ ምንም ያህል ቢበዛ፣ የማይከፋፈለው የሥራ ክፍል ፍጥነቱን ይወስነዋል። በወጣቱ ሥራ 19 ሠራተኞች ቢሰማሩ 95ቱ ሰዓት ወደ 5 ይወርዳል፤ ከማይከፋፈለው 5 ጋር 10 ሰዓት ይሆናል። ሠራተኞቹ በአምስት እጥፍ አድገው 95 ቢሆኑ ግን 1 እና 5 ተደምሮ 6 ሰዓት ነው። 76 ሠራተኞች ተጨምረው የተረፈው ጊዜ 4 ሰዓት ብቻ ነው። በመጀመሪያው መንገድ 190 የሥራ ሰዓት ይወጣል፤ በሁለተኛው መንገድ 570። ሠራተኞቹ መልእክት ሲለዋወጡ የሚባክነው ጊዜ ከዚህ ውጭ ነው። ለአንድ ጋሻ የሚበቃውን ደቦ ለአንዲት ጓሮ የጠራ ሰው፣ እህሉን ከማጨዱ ይልቅ እንግዳ ማብላቱ ይበዛበታል።

ተራ አስከባሪውስ የማንን ያስቀድማል? ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይግባ ማለት ፍትሕ ይመስላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከዚህ በፊት ብዙ የተጠቀመ ሰው ቅድሚያው ዝቅ ይላል፤ ጥቂት የተጠቀመና ብዙ የጠበቀ ከፍ ይላል። ከዚህም ሌላ በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ በአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ የታወቀ፣ ዛሬ ግን በብዙ ቦታ የሚሠራበት አንድ ብልሃት አለ፤ ይኸውም ክፍተትን መሙላት ነው።

በምሳሌ እንየው። 10 ኖዶች አሉ እንበል። ስድስቱ ለሚመጡት 4 ሰዓታት ተይዘዋል፤ አራቱ ባዶ ናቸው። በተራው መጀመሪያ የቆመው ባለ ጉዳይ 8 ኖድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 4 ሰዓት መጠበቅ ግዴታው ነው። ከኋላው ያለው ሌላ ባለ ጉዳይ 4 ኖድ ለ3 ሰዓት ቢጠይቅ ተራ አስከባሪው ያስገባዋል፤ የፊተኛው ተራው ሳይደርስ ይጨርሳልና ማንንም አይጎዳም። ይኸው ሰው ለ5 ሰዓት ቢጠይቅ ግን አይገባም፤ የፊተኛው ሊገባ በሚገባው ሰዓት ቦታውን ይዞበት ይገኛልና። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ሥራው በእውነት 3 ሰዓት የሚፈጅ ሆኖ ሳለ፣ «ለማናቸውም ነገር» ብሎ 24 ሰዓት የጻፈ ሰው በሩን በገዛ እጁ ይዘጋል። ተራ አስከባሪው የሰውን ልብ አያይም፤ የሚያየው በወረቀት የሰፈረውን ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ቶሎ ለመግባት ሲል ከእውነተኛው ያነሰ ሰዓት የሚጽፍ አለ። እርሱም አይጠቀምም። የጠየቀው ጊዜ ሲያልቅ ተራ አስከባሪው በመጀመሪያ እንዲያቆም ያስጠነቅቃል፤ በተለመደው አሠራር ከ30 ሰከንድ በኋላም በግድ ያስቆመዋል። ስለዚህ አዋቂዎች ሁለት ነገር ይመክራሉ። አንደኛው አስቀድሞ በትንሹ ሞክሮ መለካትና፣ በተለካው ላይ መጠነኛ መጠባበቂያ ጨምሮ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ የደረሰበትን በየጊዜው በመዝገብ እንዲያሰፍር ማድረግ ነው፤ ሥራው ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከሀ አይጀምርም።

ያ ወጣት በሁለተኛው ማመልከቻው 1 ኖድ፣ 19 ሠራተኛ፣ 12 ሰዓት ብቻ ጠየቀ። ኤስረን የሚለውንም ቃል አልዘነጋም። በመጀመሪያ ሦስት ቀን የጠበቀው ያ ሰው በዚያኑ ሌሊት በአንድ ክፍተት ገብቶ፣ በማግሥቱ ከቀትር በፊት ውጤቱን ተቀበለ። ከቀድሞው ጥያቄው ያነሰ ስለ ጠየቀ፣ ከቀድሞው የበለጠ አገኘ።

ክቡራን አድማጮች፤ ከመካከላችን ክላስተር የሚያዝዝ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሁላችንም በጋራ ንብረት እንገለገላለን፤ በመሥሪያ ቤታችንም ሞዴል እንሞላለን። «ከጠየቅሁት ይቀነስብኛል» በማለት እጥፍ አድርጎ መጠየቅ በየቢሮው የተለመደ ልማድ ነው። በመጋዘን ውስጥ ይህ ልማድ ለዓመታት ተሸሽጎ ሊኖር ይችላል፤ በክላስተር ግን ተሸሽጎ አይቀርም፤ ማን ምን ያህል ጠይቆ ምን ያህል እንደ ተጠቀመ ሥራው ሲያልቅ በመዝገብ ላይ ይነበባል። ያ መዝገብ የሚነግረን ነገር ግልጽ ነው፤ ያለ አግባብ የተያዘ እያንዳንዱ ሰዓት ከአንድ ሌላ ሰው ተራ ላይ የተወሰደ ነው። ምናልባትም ያ ሌላ ሰው የነገውን ዝናም ለገበሬው አስቀድሞ ሊያስታውቅ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሚያስፈልገንን እንለካ፤ የለካነውን በእውነት እንጻፍ፤ የተሰጠንንም ሥራ ላይ እናውል። ሎሚው ለሃምሳው ጌጥ የሚሆነው ሃምሳዎቹ ሁሉ ሲይዙት ነው።

ለዛሬ ያዘጋጀሁት በዚህ ይፈጸማል።